እትዬ አስካለና የንግሥቲቱ ቀሚስ

ባለፈው መስከረም ለመኝታ ክፍሌ መጋረጃ ልገዛ ሜይን መንገድ ላይ ወዳለ አንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር ገባሁ። መጋረጃዎቹ የተሰቀሉት ከኋላ በኩል፣ ከአልጋ ልብሶቹ ቀጥሎ ነበር። አንዱን የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከባድ ከፋይ ጎትቼ ሳወርደው ሽታው ፊቴን ሞላው፤ አቧራ፣ ናፍታሌን፣ በሰው ሳሎን ውስጥ ለዓመታት ፀሐይ ሲያርፍበት የኖረ ጨርቅ። ጨርቁን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ጋሪ የምትገፋ ሴትዮ መንገድ እንድለቅላት ስትጠይቀኝ እንኳ ወዲያው አልሰማኋትም። በዚያች ሰዓት መደብሩ ውስጥ አልነበርኩም። ባደግኩበት ሰፈር ዋይትሆል፣ እትዬ አስካለ ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ከተዘረጋ እንዲህ ያለ ከፋይ አጠገብ በካልሲ ቆሜ "አትርገጪው" እየተባልኩ ነበር።

እትዬ አስካለ ከእኛ ሥር ባለው አፓርታማ ይኖሩ ነበር። ግቢያችን ለአየር ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላኖቹ ጣሪያውን ሊነኩ እስኪመስል ዝቅ ብለው ያልፋሉ። የሕንፃው ሰው ሁሉ አውሮፕላን ሲመጣ ወሬውን አቋርጦ ይጠብቅና ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። እትዬ አስካለ ግን አይጠብቁም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀጥላሉ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላም ለትንሽ ጊዜ እየጮኹ ነበር የሚያወሩት። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ አረማመዳቸው ፈጣን ሴት ነበሩ። መነጽራቸውን በጫማ ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ከሥራ ለብሰውት የሚመጡት ብርቱካንማ ሰደርያ ደረቱ ላይ ሁልጊዜ ስፒል ስለሚደረደርበት ሊያቅፉኝ ሲመጡ በጎን በኩል ነበር የምጠጋቸው።

ሥራቸው ሰዎች ገዝተው የመለሱት ልብስ የሚለይበት ዌርሃውስ፣ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ቆመው ያጥፋሉ፣ በላስቲክ ያሽጋሉ፣ እንደገና ያጥፋሉ። አዲስ አበባ ሳሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበሩ። ሰው የሙሽራ ቀሚስ እንዲሠሩለት ሲጠይቃቸው "እኔ ዲዛይነር አይደለሁም፤ ቀጥ ያለ ነገር ከሆነ አምጡ" ይላሉ። የስፌት መኪናቸው አንድ ሰፈር ውስጥ ሰው ጋራዡን ሲያራግፍ ያገኟት አረንጓዴ፣ ሁለመናዋ ብረት የሆነች ነገር ነበረች። ስትሠራ የእኛ ቤት ወለል ይንቀጠቀጣል። ባለቤታቸው ጋሼ ማሞ ድሮ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የነበሩ፣ ቀጭንና ቀልደኛ ሰው ነበሩ። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄዱ ነበር። የሚያመላልሷቸው እትዬ ናቸው፤ ጋሼ ደግሞ ከጎን ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ሲያርሟቸው ይሄዳሉ።

"ሲግናል።"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አላበራሽም?"

"አንተ እስክትናገር እየጠበቅኩ።"

የተቀራረብነው ኮሮና የመጣ ዓመት ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርት በላፕቶፕ ሆነ። ቤታችን እኔና እማዬ ብቻ ነን፤ እሷ ደግሞ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለምትሠራ ቤት መዋል አልቻለችም። አንድ ቀን እትዬ ደረጃው ሥር ቆመው "ልጅቷን ወደ ታች ላኪያት" አሏት። እማዬ ፈራች። ከሥራዋ ይዛ የምትመጣው ነገር በእኔ በኩል ጋሼ ጋ እንዳይደርስ ነበር የፈራችው። "እንግዲያው ውጪ ትቀመጥ" አሉ እትዬ። በረንዳቸው ላይ ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ አወጡልኝ። እሳቸው ከመስተዋቱ በር ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። እኔ የሒሳብ ትምህርት ስከታተል እሳቸው ከአበባማ አንሶላ ጭምብል ይሰፋሉ፤ ዌርሃውሱ ለጥቂት ሳምንታት ዘግቶ ነበር። ሐሳቤ ሲሄድ ካዩኝ መስተዋቱን በመቀስ ጫፍ ያንኳኩልኛል።

የሰፉትን ጭምብል በሕንፃው በሮች እጀታ ሁሉ ላይ ሰቀሉ። ፊት ለፊታችን የሚኖር አንድ ሰውዬ የእሱን አውልቆ እትዬ በር ላይ መልሶ አንጠለጠለው። እትዬ አጠቡት፣ ተኮሱት፣ እንደገና ሰቀሉለት። እንደገና መለሰው። እንደገና ሰቀሉለት።

"ሴትዮ፣ ሰውየው አልፈልግም ብሏል እኮ" አሏቸው ጋሼ።

"ሰምቼዋለሁ። እኔም አልተውም ብያለሁ፤ እሱስ አልሰማም?"

በመጨረሻ ሰውየው ደከመው መሰለኝ። አንድ ጠዋት ያንኑ አበባማ ጭምብል አድርጎ ወደ መኪናው ሲሄድ አየነው።

ትምህርት ቤት በአካል ተመልሰን ስንገባ ሰባተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። የሙዚቃ መምህራችን ሚስተር ሃሪስ በበሽታው ምክንያት የተሰረዘውን ሚውዚካል፣ ተማሪዎች እየዘፈኑ የሚተውኑትን ቴአትር፣ ለጸደይ እናሳያለን አለን። ታሪኩን ራሱ ነበር የጻፈው። በአገሯ መዝፈን የከለከለች ንግሥትና ትእዛዟን እምቢ ያሉ የመንደር ሰዎች ታሪክ ነው፤ ወታደሮችና ወፎችም አሉበት። ጭምብሌን እንዳደረግኩ ፒያኖው አጠገብ ቆሜ ተፈተንኩ። በሳምንቱ ንግሥቲቱን ሰጠኝ።

በዚያ ዕድሜዬ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ ትልቅ ነበርኩ። በቁመት ብቻ አይደለም፤ በክንዴም፣ በሆዴም፣ በደረቴም። ቤት ተዘግተን በከረምንበት ጊዜ ሰውነቴ እኔን ሳይጠይቅ አደገ። እማዬ የምትገዛልኝ ልብስ ሁሉ ጥቁርና ሰፊ ሆነ። እኔም ከሰው ኋላ መቆም፣ ከመስመር መጨረሻ መሆን ለምጄ ነበር። ስዘፍን ግን ሌላ ነው። ስዘፍን ትልቅ መሆኔ ጥቅም ያለው፣ ድምፄም እንደልቡ የሚቀመጥበት ቦታ ያገኘ ይመስለኝ ነበር። ለእማዬ ከመንገሬ በፊት ለእትዬ ነገርኳቸው።

"ንግሥቷን እኔ ሆንኩ።"

መርፌ ውስጥ ክር እያስገቡ ነበርና ቀና አላሉም። "ይሁና" አሉ። "ሌላ ማንን ሊያደርጉ ኖሯል?"

ከገና በኋላ ሚስተር ሃሪስ ለወላጆች ኢሜይል ላከ። የተዋንያኑን ልብስ የሚሰፋ በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል ይላል። እማዬ በዚያን ጊዜ ሁለት ሥራ ላይ ስለነበረች አላየችውም። ለእትዬ አነበብኩላቸው።

"እዚያ ልጅ የሌለው ሰው አይመጣም ይላል?"

"አይልም።"

"እንግዲያው አስካለ ብለሽ ጻፊልኝ።"

ጋሼ ማሞ ከሶፋው ላይ ሆነው "እኔንስ ማን ያመላልሰኛል?" አሉ።

"እኔ።"

"ሥራሽስ?"

"እሠራለሁ።"

"ታዲያ መቼ ልታርፊ ነው?"

"አንተ መንዳት አስተምረኸኝ ስትጨርስ።"

የልብሱን ሥራ የምትመራው ሚስ ዳያን ልጇ እኛ ትምህርት ቤት የሚማር እናት ነበረች። ረጅም ናት፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ትይዛለች፣ ድካሟ ከጭምብሏ በላይ ባሉት ዓይኖቿ ይነበባል። ከእትዬ በቀር ማንም አልመጣላትም። መጀመሪያ የሰጠቻቸው ቁልፍ መትከልና የሱሪ እግር ማሳጠር ነበር። ባግ ሙሉ ወስደው በሳምንቱ ሠርተው ሲመልሱ ሁለት ባግ ሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ የባጉ ነገር አልቆመም።

ያንን ጊዜ ሳስብ እትዬ አስካለ የሚመጡብኝ በየቦታው መርፌ ይዘው ነው። ዌርሃውሱ ውስጥ የምሳ እረፍታቸው ላይ የገበሬ ኮፍያ ይዘመዝማሉ። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ልብሳቸው ሲሽከረከር የወፍ ክንፍ ላይ የጨርቅ ላባ ይደርባሉ። የጋሼ እጥበት እስኪያልቅ በሚጠብቁበት ክፍል ነርሶቹ ለምደዋቸው ዛሬ ደግሞ ምን እየሠራሽ ነው ይሏቸው ነበር። አንድ ቀን ከልምምድ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ በረዶ እየጣለ መኪናቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ጨርቁን መሪው ላይ አስደግፈው ይሰፋሉ። የጓንታቸውን ጣቶች በመቀስ ቆርጠዋቸዋል። ጋሼ ከጎናቸው ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ክር ይቆርጡላቸዋል።

ቤታቸውም የሰው መቀመጫ ጠፋበት። ሶፋው ላይ የመንደር ሰዎች ተከምረዋል፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወታደሮች፣ መታጠቢያ ቤት መጋረጃው ዘንግ ላይ ወፎች ተሰቅለዋል። ጋሼ እንግዳ ሲመጣ "ግቡ፣ ከወታደሮቹ አጠገብ ተቀመጡ" ይላሉ። ወጡ ምድጃ ላይ እየተረሳ ያራል፤ ያረረውን ጋሼ እያማረሩ ይበላሉ። ከቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች አንዷ አንድ ቀን መጥታ ዙሪያዋን አየችና "ይሄ ሁሉ ልፋት ለልጆች ጨዋታ ነው?" አለቻቸው። እትዬም "ታዲያ ራቁታቸውን ይጫወቱ?" አሏት።

የካቲት ሲገባደድ የመለካት ቀን ሆነ። የንግሥቲቱ ቀሚስ ትምህርት ቤቱ ከዓመታት በፊት ካሠራቸው አንዱ ነው፤ ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወገቡ የጠበበ። በሙዚቃ ክፍሉ ጥግ ከተንጠለጠለው መጋረጃ ኋላ ገብቼ አጠለቅኩት። እጆቼ ገቡ። ዚፑ ግን ከወገቤ በላይ አልሄድ አለ። ሚስ ዳያን ጎተተችው። ትንፋሼን ዋጥኩ፤ እንደገና ጎተተችው። ከመጋረጃው ወዲያ ተራቸውን የሚጠብቁ ልጆች አሉ። አንዷ ሳቀች። በእኔ ይሁን በሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሚስ ዳያን ክፉ ሰው አልነበረችም። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። ያለው ቀሚስ ይሄ ብቻ ነው፤ በጀቱ አልቋል፤ ሌላ ለመሥራት ጊዜ የለም። የተራኪዋ ሚናም እኮ ጥሩ ነው፣ ጥቁር ቲሸርትና ጥቁር ሱሪ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ተራኪ ከሆነችው ልጅ ጋር ብትቀያየሩስ፣ ለአንቺም ይመችሽ ነበር አለችኝ። "ኢትስ ፋይን" አልኳት፤ ደህና ነው። በዚያን ጊዜ ለሁሉም ነገር የምሰጠው መልስ ያ ነበር።

እትዬ አስካለ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብለው ተንበርክከው የአንድ ወታደር ሱሪ ይለኩ ነበር። ከንፈራቸው መሐል ስፒል ስለያዙ ወዲያው አልተናገሩም። አንድ በአንድ እያወጡ ሰደርያቸው ላይ ሰኳቸው። የመጨረሻውን ከሰኩ በኋላ ተነሥተው መጡ።

"ኖ" አሉ።

ሚስ ዳያን ዞረች።

"ሺ ኢዝ ኩዊን" አሉ እትዬ። "ድሬስ ስሞል። ፕሮብለም ድሬስ። ኖት ሺ።" ንግሥቷ እሷ ናት፣ የጠበበው ቀሚሱ ነው፣ ችግሩም የእሱ እንጂ የእሷ አይደለም ማለታቸው ነበር።

ሚስ ዳያን ስለ በጀቱና ስለ ጊዜው ለእኔ ያለችኝን ለእሳቸውም ደገመችላቸው። እትዬ እስክትጨርስ ሰሟትና ወደ እኔ ዞሩ። "ንገሪያት" አሉኝ በአማርኛ። "ገንዘብ አልጠየቅኩሽም በያት። ቀሚሱን እኔ እሠራዋለሁ በያት። ልጅቷ ዘፈኑን ሁሉ አጥንታለች፣ ልብስ አልበቃትም ተብሎ ቦታዋን አትለቅም በያት።"

አፈርኩ። የምተረጉመው ስለ ራሴ ነበር። "እትዬ፣ ይቅርብኝ" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ንገሪያት ነው ያልኩሽ።"

ነገርኳት። ሚስ ዳያን ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ሲሰማ ወደነበረው ወደ ሚስተር ሃሪስ አየች። እሱም ቀሚሱ በልብስ ለምንለማመድበት ቅዳሜ ከደረሰ ንግሥቷ እሷው ናት፣ ካልደረሰ ግን እንቀይራለን አለ። እትዬ "ኦኬ" ብለው ተመልሰው ወታደሩ እግር ሥር ተንበረከኩ።

መኪና ውስጥ እስክገባ አላለቀስኩም። ገብቼ አለቀስኩ። እትዬ ሞተሩን አስነሥተው የመስተዋቱ ጉም እስኪጠፋ ጠበቁ እንጂ አላባበሉኝም።

"ደህና ነው ያልሻት ለምንድን ነው?"

"ነገሩ እንዲያልቅ ብዬ።"

"ደህና ነበር?"

"አልነበረም።"

"ታዲያ አትበያ" አሉና መኪናውን ወደ ኋላ አስወጡት።

በዚያው ወደ አሮጌ ዕቃ መደብር ሄድን። ያንን የወይን ጠጅ ከፋይ ያገኘነው ያን ቀን ነው። ጥንድ መጋረጃ ነበር፤ አንደኛው ደህና ነው፣ ሁለተኛውን ፀሐይ በልቶት እኩሌታው ነጥቷል። እትዬ አሸተቱት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ በብርሃን አዩት። "ይሸታል፤ ግን ከፋይ ነው" አሉ።

የሚቀጥሉት ቀናት ሁሉንም ነገር ይዘው መጡ። ዌርሃውሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንዴቶሪ ነው አለ፤ ትርፍ ሰዓቱ በግዴታ ሆነ ማለት ነው። ጋሼ ማሞ እጥበት ላይ ሳሉ ግፊታቸው ወርዶ ሆስፒታል ገቡ። እትዬ ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲመላለሱ ዓይናቸው ደም መሰለ። ጋሼ ተሽሏቸው ከወጡ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት እማዬ የሠራችውን ምስር ወጥ ይዛ ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት።

"እትዬ፣ ውለታዎን አልረሳውም፤ ግን ይቅር" አለቻቸው። "የልጆች ነገር ነው። እርስዎ ሊወድቁ ነው፣ ጋሼም ታመዋል። ሌላውን ሚና ትውሰድ። ፋይን ነው ብላኛለች እሷም።"

እትዬ እግራቸውን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ አነሡ። "ሰብለ፣ ልጅሽ ፋይን ነው ስትል ታምኛታለሽ?"

እማዬ ዞር ብላ አየችኝ።

"አልደከመኝም አላልኩም። ደክሞኛል። ግን የሚያደክመኝ ያ ዌርሃውስ ነው። የማን እንደሆነ የማላውቀውን ልብስ ሳጥፍ ነው የምውለው። ይሄንን የምትለብሰውን አውቃታለሁ። ተዪው አትበዪኝ፣ አልተወውም።"

እማዬ ወጡን ምድጃው ላይ አስቀመጠች። "ምን ላግዝዎት?" አለች። እትዬ አገጫቸውን ወደ ካውያው ወርወር አድርገው "ገበሩን ተኩሺልኝ" አሏት።

ከፋይ ግን ዩኒፎርም አይደለም። እትዬ በሕይወታቸው ከፋይ ቆርጠው አያውቁም ነበር። ጸጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚተኛ፣ ተገልብጦ ከተሰፋ ቀለሙ ሌላ እንደሚመስል የተማሩት በስልካቸው ቪዲዮ እያዩ ነው፤ እንግሊዝኛውን እኔ እተረጉማለሁ። የቀሚሱ አካል ደህና ወጣ። እጅጌው ላይ ግን ጸጉሩን ሲያስተካክሉ ሁለቱንም በአንድ በኩል አስተኝተው ቆረጡ። ሰፍተው ሲያነሡት ሁለቱም የግራ እጅ ሆኑ። የቀረን ጨርቅ ፀሐይ የበላው ብቻ ነበር።

እትዬ ሁለቱን እጅጌዎች ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አውሮፕላን መጣ፣ አለፈ። እንደዚያ ዝም ሲሉ አይቻቸው አላውቅም። አልቆልኛል ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም ቀለል አለኝ፣ የማፈሪያው ቀን የሚቀርልኝ መስሎኝ።

ጋሼ ማሞ ከሶፋው ተነሥተው ግድግዳ እየያዙ መኝታ ቤት ገቡ። ሲወጡ በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። የሠርጋቸው ካባ ነበር፤ ጥቁር ከፋይ፣ ጠርዙ ሁሉ በወርቅማ ክር የተጠለፈ።

"ቁረጪው" አሉ።

"አብደሃል?"

"ዳግመኛ ላገባ አይደለም።"

"ማሞ፣ ይሄ የሚቆረጥ ነገር አይደለም።"

"አንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ ምን ይሠራል? እዚህ አገር ከመጣ ማንም አላየውም፤ እኔም ሆንኩ እሱ ቤት ተቀምጠናል። ልጅቷ ልትዘፍን ነው አስካለ። እሱ እንኳ ይውጣ።"

እትዬ እምቢ አሉ። ካባው ለቀናት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሰነበተ፤ ሁለቱም ስለ እሱ አያወሩም፤ ሲያልፉ ግን ሁለቱም ይነኩታል። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመጣ ለእጅጌው ተቆርጦ አገኘሁት። እትዬ መቀሱን እንደያዙ ነበሩ። ዓይናቸው ረጥቧል። ጋሼ ሶፋው ላይ ሆነው አውቶቡስ ወደ ኋላ እንደሚያስገባ ሰው "ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ" ይሏቸዋል።

በልብስ የምንለማመድበት ቅዳሜና የዌርሃውሱ ግዴታ ተጋጩ። እትዬ በዋዜማው ሱፐርቫይዘራቸው ጋ ሄደው ነገ አልመጣም አሉት። የነገሩን ራሳቸው ናቸው።

"ሲክ ነሽ ወይ አለኝ። አይደለሁም አልኩት። ኢመርጀንሲ ነው ወይ አለኝ። አይደለም፣ የቴአትር ልብስ አለብኝ አልኩት። የሰማውን ማመን አቃተው። ፖይንት እኮ ነው የምይዝብሽ አለኝ።"

ፖይንት በቀሩ ቁጥር የሚያዝባቸው ነጥብ ነው፤ ሲበዛ ከሥራ ያስወጣል። "ታዲያ ምን አሉት?" አለች እማዬ።

"ያዝብኝ አልኩት።"

"አሞኛል ቢሉት ምን ነበረበት?"

"ለምን እዋሻለሁ? አላመመኝም። ሥራ ነው ያለብኝ።"

ጋሼ ማሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህቺ ሴትዮ አንድ ቀን ታሳስረናለች" አሉ። በኩራት ነበር ያሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሱን ለበስኩ። ዚፕ የለውም፤ ከኋላ በሪባን እየተጠላለፈ የሚታሠር አድርገው ነበር የሠሩት። እትዬ አሰሩልኝና ወደ ኋላ ሄደው አዩኝ። "እጅሽን አንሺ" አሉኝ። አነሣሁ። "ተቀመጪ።" ተቀመጥኩ። "ዝፈኚ።" ትንፋሽ ስስብ ቀሚሱ አብሮኝ ሰፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ለብሼ ልብሱን ረሳሁት። ሚስ ዳያን መጥታ ዙሪያዬን ዞረች። የእጅጌውን ጥልፍ በጣቷ እየነካች ከየት ነው የመጣው አለች። "ማይ ሃዝባንድ። ዌዲንግ" አሉ እትዬ፤ ከባለቤቴ የሠርግ ልብስ ማለታቸው ነው። ሚስ ዳያን እጇን ከጥልፉ ላይ አነሣች። ከዚያ ፀጉሯን የያዘውን እርሳስ አጥብቃ ሰካችና የቀሚሱ ጫፍ ሥር ተንበረከከች። እትዬ በወዲያኛው በኩል ተንበረከኩ። አንዷ ስፒል ስትዘረጋ ሌላዋ እየተቀበለች ሁለቱ እግሬ ሥር ዙሪያውን አሳጠሩት።

ቴአትሩ የታየው ዓርብ ምሽት ነው። እማዬ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። ጋሼ ማሞ ኮትና ክራቫት አድርገው መተላለፊያው ዳር ተቀመጡ። መብራቱ ፊቴ ላይ ይሞቃል፣ ከፋዩ ይከብዳል፣ ከአንገቴ ሥር ያ የመጋረጃ ሽታ አሁንም ትንሽ ትንሽ ይመጣል። ደረጃውን ወርጄ መሐል መድረክ ቆምኩ። ሁሉም ሰው እኔን ነበር የሚያየው፤ እኔ ግን መደበቅ አላማረኝም። እጆቼን ሙሉ በሙሉ ዘርግቼ መዝፈን የሚከለክለውን አዋጅ ዘፈንኩ። ድምፄ የኋለኛው ግድግዳ ደርሶ ሲመለስ ሰማሁት። ዘፈኑ ሳያልቅ፣ መሐሉ ላይ ለአፍታ ዝም ስል፣ ጋሼ ማሞ ያለቀ መስሏቸው ብቻቸውን ተነሥተው አጨበጨቡ። ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙኝ። ወደ እማዬ ሳይ ጭምብሏን እስከ ዓይኗ ከፍ አድርጋ ይዛው ነበር።

እትዬ አስካለ ይሄን ሁሉ አላዩም። ከመድረኩ ኋላ የአንዷ ወፍ ክንፍ ተገንጥሎ ልጅቷን አቁመው እላይዋ ላይ እየሰፉ ነበር። ሲያልቅ ሮጬ ሄድኩና "እንዴት ነበርኩ?" አልኳቸው።

"እኔ ያየሁት ጀርባሽን ነው" አሉ። "ሪባኑ አልላላም።"

በፖይንቱ ምክንያት ከሥራ አልወጡም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደማንኛውም ሰው ገብተው ሠሩ። ጋሼ ማሞ ከዚያ በኋላ ሌላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይተው አረፉ። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ዘመዶች አንደኛው ያ የሠርግ ካባ የት ደረሰ፣ ለመታሰቢያ ይቀመጥ እንጂ ሲል ሰማሁ። እትዬ ጥቁር ለብሰው፣ ፊታቸው አብጦ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። "ትምህርት ቤት ነው ያለው" አሉት። "እየሠራ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። ቀሚሱን ለሚስ ዳያን ትተውላት ነበር። በየስፌቱ ውስጥ የተጣጠፈ ትርፍ ጨርቅ ትተዋል፤ ከእኔ ለምትገዝፍም ለምትቀጥንም እየተፈታ እንዲስተካከል ብለው። ከእኔ በኋላ የለበሱት ልጆች እንዳሉ ሚስ ዳያን ነግራኛለች፤ አንዷ ከእኔም ትገዝፍ ነበር አለችኝ። እትዬ አሁን ዴንቨር፣ እህታቸው ጋ ናቸው። አልፎ አልፎ ኮል ያደርጉልኛል። እዚያም ለአንድ ትምህርት ቤት አንበሳ እየሰፋሁ ነው፣ ጎፈሩ አስቸገረኝ አሉኝ ባለፈው።

እኔ ከትምህርቴ ጎን ለጎን አየር ማረፊያው ውስጥ ባለ አንድ ሱቅ እሠራለሁ። የገባሁ ዕለት ኃላፊው የሥራ ሸሚዝ ሰጠኝ፤ ደረቴ ላይ አልገጥም አለ። የቀረው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላ እስኪመጣ ከኋላ ዕቃ ክፍል ብሠራ እንደሚሻል በትሕትና ነገረኝ። ሸሚዙን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። የተቀጠርኩት ደንበኛ ለማስተናገድ እንደሆነ፣ እስከዚያው በራሴ ጥቁር ሸሚዝ ፊት ለፊት እንደምሠራ ነገርኩት። ማናጀሯን ልጠይቅ አለ። ጠይቅ አልኩት። ስልክ ሲደውል እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። ያን ቀን ፊት ለፊት ቆሜ ሠራሁ። ሸሚዙ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ፤ በልኬ ነበር።